ናቲ ያልጨረሳት ጀልባ

ባለፈው ሳምንት ሳን ሆዜ የምኖርበት ሕንፃ ውስጥ፣ ከታች ያሉት ጎረቤቴ የድሮ የእንጨት በራቸውን ፍቀው ቫርኒሽ ይቀቡ ነበር። ከሥራ ስመለስ ሽታው ደረጃው ላይ ተቀበለኝ። "አስቸገረሽ? ነገ ያልቃል" አሉኝ ብሩሻቸውን ከፍ አድርገው። "ምንም አይደል" ብዬ አለፍኩ። ቤቴ ገብቼ ግን መስኮቱን አልከፈትኩም። ቦርሳዬን እንዳንጠለጠልኩ ሳሎኑ መሃል ቆሜ ዝም ብዬ አሸተትኩ።

ያ ሽታ ለኔ የኦክላንድ ሽታ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ወንድሜ ከሞተ በኋላ የነበሩት ቅዳሜዎች ሽታ።

ወንድሜ ናትናኤል ይባላል፤ ናቲ ነበር የምንለው። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። እናቴ ወይንሸት አረጋውያን የሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም ትሠራ ነበር፤ አባቴ ግርማ ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ይነዳ ነበር። ናቲ የሚማርበት ሃይስኩል ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት የተወሰነ ሰዓት ኮሚዩኒቲ ሰርቪስ፣ ያለ ክፍያ የበጎ አድራጎት ሥራ፣ እንዲሠሩ ያዛል። ጓደኞቹ ላይብረሪ ሲሄዱ እሱ ጀልባ የሚጠገንበት ግቢ ሄደ። ሰዓቱን ጨርሶም መሄዱን አልተወም። አንድ ቀን ታዲያ እናቴ በስልክ ለጓደኛው "ቅዳሜ አልችልም፣ ከሲልቪያ ጋር ነኝ" ሲል ሰማችው።

"የማን ልጅ ናት?" አለችው ስልኩን ሳይዘጋ።

"ኦልድ ናት፣ ማሚ። ካንቺ ትበልጣለች።"

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሲልቪያ ጀልባ መሆኗን ሲነግራት ትራስ አንስታ ቤቱን ሙሉ አሳደደችው።

ሲልቪያ ለውድድር የተሠራች የእንጨት የሸራ ጀልባ ነበረች፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ በጥንት ጊዜዋ ከከተማው ፊት ባለው ባሕረ ሰላጤ ላይ በነፋስ ስትሽቀዳደም የኖረች። ባለቤቷ አርጅቶ ሲሞት ልጆቹ አልፈለጓትም። ተሰባብራ ልትጣል ስትል ጋሽ እድሪስ ወሰዷት። ጋሽ እድሪስ ኤርትራዊ ናቸው፣ የምፅዋ ልጅ። በወጣትነታቸው እዚያው ምፅዋ ለባሕር ኃይል በአናጢነት ሠርተዋል፤ አማርኛውንም የለመዱት ያኔ ነው። ኦክላንድ ከመጡም ወዲህ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ጀልባ ሲጠግኑ ኖሩ። ሚስታቸው ሞታለች፤ ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው። ሲልቪያን ያቆሟት ውሃው ዳር፣ ድሮ ይሠሩበት በነበረው ግቢ ጥግ፣ በትልቅ ሸራ ጣሪያ ሥር ነበር። ናቲ ስለሳቸው አውርቶ አይጠግብም። "ጋሼ እንዲህ አለ፣ ጋሼ እንዲህ አደረገ" ሲል እናቴ ከወጥ ቤት ሆና "አሉ በል! አደረጉ በል!" እያለች ታርመው ነበር።

በጥቅምት ወር አንድ ቅዳሜ፣ ዓይን ለዓይን መያየት በሚያስቸግርበት ሰዓት፣ ናቲ ከጀልባዋ ወደ ቤት በብስክሌት ሲመለስ መኪና ገጨው። ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ።

ቤታችን በሰው ተሞላ። የማላውቃቸው ሰዎች ጉንጬን እየሳሙ ያለቅሳሉ። አባቴን እያቀፉ "እግዜር ያስችልህ፤ ቻለው፣ ግርማ፣ ቻለው" ይሉታል። የኔ አማርኛ የልጅ አማርኛ ነው፤ መቻል ማለት አንድ ነገር ማድረግ መቻል ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዋና መቻል፣ ብስክሌት መቻል። አባቴ ምን አቅቶት ይሆን፣ ሰው ሁሉ እንዲችል የሚጸልይለት? እያልኩ በሰው እግር መሃል አስብ ነበር።

ጋሽ እድሪስ የመጡት በሦስተኛው ቀን ነው። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። እናቴ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ቀና ብላ አየቻቸው።

"ልጄን እስኪመሽ ምን አቆየው?" አለች። "በጨለማ ምን ሰደደው?"

ሴቶቹ "ተይ፣ ወይኒ፣ ተይ" አሏት። ጋሽ እድሪስ ለአባቴ እጅ ነስተው ወጡ። በመስኮት ሳያቸው ደረጃውን የሚወርዱት መደገፊያውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር።

የገና በዓል ካለፈ በኋላ ጋሽ እድሪስ ለአባቴ ደወሉ። እኔና አባቴ መኪና ውስጥ ስለነበርን ድምፃቸው በድምፅ ማጉያው መኪናውን ሞላው።

"ግርማ፣ የልጁ ጃኬትና ቦርሳ እኔ ጋ ነው ያለው። ላመጣው ብዬ ነበር፤ እናቱ ፊት መቆም ከበደኝ። አንተ ና፣ ውሰደው።"

እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ሺፍት ስላላት አባቴ እኔን ይዞ ሄደ። ዝናብ ይዘንብ ነበር። ከውሃው ወዲያ ማዶ የወደቡ ትልልቅ ክሬኖች በጭጋጉ ውስጥ ቆመዋል። በሸራው ሥር ስንገባ መጀመሪያ ያየሁት የሲልቪያን ሆድ ነው። ጀልባ ውሃ ላይ ስትሆን ግማሿ ብቻ ነው የሚታየው፤ ሲልቪያ ግን በብረት ድጋፎች ላይ ሙሉዋን ቆማ እኔ ከሥሯ ነበርኩ። ያ ሽታ እዚያ ነበር፤ ቫርኒሽ፣ የተፋቀ እንጨት፣ ከሥሩ ደግሞ የባሕር ጭቃ።

የናቲ ጃኬት ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። አባቴ አውርዶ እንደ አዲስ ልብስ አጣጠፈው። ልንወጣ ዞር ስንል ዓይኑ ጀልባዋ ጎን ላይ አረፈ። ከታች በኩል አንድ አዲስ ሳንቃ ነበር፤ ግማሹ ቦታው ገብቷል፣ ግማሹ እንደተንጠለጠለ በብረት መያዣዎች ተጨምቋል። ብረቶቹ የሚነክሷት መሰለኝ፤ ያማታል ብዬ አሰብኩ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ አባቴ።

"የሱ ነው። ያን ቀን የጀመረው። ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም።"

"ለምን?"

"እጄ እምቢ አለኝ" አሉ ጋሽ እድሪስ።

አባቴ ሳንቃውን በመዳፉ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰው። ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል።

"ምን ቀረው?"

"ብሎን። ከዚያ በየስንጥቁ ውሃ የሚከለክል ጥጥ፣ ከጥጡ ላይ ስቱኮ። ከዚያ ቀለም፣ ከዚያ ምሰሶዋ፣ ሽቦዎቿ፣ ሸራዋ... ብዙ ነው፣ ግርማ። ገና ብዙ ነው።"

አባቴ ጃኬቱን ለኔ ሰጠኝና እጅጌውን ሰበሰበ። "እስቲ ያሳዩኝ" አለ።

ያን ጊዜ ነገሩ የገባኝ መሰለኝ። ሰው ሁሉ አባቴ እንዲችለው የጸለየለት ነገር ይሄ ነው አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ መሄድ ጀመርን። አባቴ ለእናቴ "ኦቨርታይም ነው፤ ሜላትን ይዣት እሄዳለሁ" ይላታል። እኔም ለረጅም ጊዜ ኦቨርታይም የዚያ ግቢ ስም ይመስለኝ ነበር።

ጥጡ እንደ ገመድ ተገምዶ ይመጣል። ጋሽ እድሪስ በደነዘ መሮና በእንጨት መዶሻ በሳንቃዎቹ መሃል ይጠቀጥቁታል፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። አባቴ ሲመታው ግን ድፍን ይላል። ብዙ ጊዜ ጠቅጥቆ፣ ጋሽ እድሪስ በጣታቸው ዳስሰው፣ ሳይናገሩ ስበው ያወጡትና መልሰው ይሰጡታል። አባቴ አይከፋውም፤ እንደገና ይጀምራል። የኔ ሥራ ጥጡን ሳይቆሽሽ መተርተርና የትልቅ ሰው እጅ የማይገባበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ ነበር። "በእንጨቱ መንገድ፣ የኔ ልጅ" ይሉኛል ጋሽ እድሪስ። "ከእንጨት ጋር አይጣሉም።"

መጀመሪያ ላይ ስለ ናቲ አያወሩም ነበር። አንድ ቀን አባቴ ሳንቃ ሲልግ ጋሽ እድሪስ ቆመው አዩትና፣

"እሱ እዚህች ላይ ሲደርስ ምላሱን ያወጣ ነበር" አሉ።

አባቴ መላጊያውን አቆመ። "ምላሱን?"

"አዎ። ሲጠነቀቅ፣ በዚህ በኩል።"

"ፊደል ሲጽፍም እንደዚያ ነበር" አለ አባቴ።

በቀትር ጋሽ እድሪስ እጃቸውንና ፊታቸውን ታጥበው፣ ቁራጭ ሸራ አንጥፈው፣ ጀልባዋ ጎን ግንባራቸውን መሬት ያስነካሉ። መጀመሪያ ያየኋቸው ዕለት የወደቀ ብሎን የሚፈልጉ መስሎኝ አጠገባቸው ተንበርክኬ መፈለግ ጀመርኩ። አባቴ በሩቁ በዓይኑ ቢቆጣኝም አልተነሳሁም። ሲጨርሱ ወደኔ ዞሩ።

"አገኘሽልኝ?"

"ኖ" አልኳቸው።

"እኔም ገና ነኝ" አሉኝ፤ ሸራቸውንም አጣጠፉ።

የካቲት ውስጥ መሆን አለበት፣ አንድ እሁድ ጠዋት እናቴ ለቤተ ክርስቲያን ፀጉሬን ልትሠራኝ ጉልበቶቿ መሃል አስቀመጠችኝ። ማበጠሪያው አንዴ ሁለቴ ወረደና ቆመ። አፍንጫዋን ፀጉሬ ውስጥ አስገባች። ትንፋሿ አናቴን አሞቀው። ቆሻሻ ስለሆንኩ ልትቆጣኝ ነው ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ።

"ትናንት የት ነበርሽ?"

"ኦቨርታይም።"

ግንባሯን አናቴ ላይ አስደገፈች። ናቲም ቅዳሜ ማታ ያንኑ ሽታ ይዞ ይገባ እንደነበር ያኔ አላስታወስኩም፤ እሷ ግን እንዴት ትረሳዋለች? ሹሩባውን ስትጨርስ እጇ እንደ ሌላ ጊዜው አልጠነከረም፤ ቤተ ክርስቲያን ሳንደርስ ተፈታ።

ዓርብ ማታ ደግሞ ለሥራ የሚሆናትን ልብስ እየተኮሰች፣ ቀና ሳትል፣ "ነገ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልልላት። ያ አቧራ አይለቅም" አለችው አባቴን። አባቴ የያዘውን ብርጭቆ ቀስ ብሎ አስቀመጠ። አፉን ሲከፍት እሷ ካውያውን ነቅላ ወደ መኝታ ቤት ገብታለች። ጠዋት ሻሹ የበሩ እጀታ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት።

የዝናቡ ወራት ሲያልፉ ስንጥቆቹ ሁሉ ተደፍነው አልቀው ነበር። የቀረው ሳንቃዎቹን ከውስጥ፣ ከወለሉ በታች፣ እርጥበት የሚከለክለውን ቀይ ቀለም መቀባት ነው። የወለሉን እንጨት አነሳሱትና እኔ ትንሽ ስለሆንኩ መብራት ይዤ ወደ ጀልባዋ አፍንጫ በኩል፣ ወደሚጠበው ቦታ ገባሁ።

"ዳዲ! እዚህ ራይቲንግ አለ!"

ሳንቃዎቹ በእርሳስ ተጽፎባቸዋል። ቁጥሮች፣ ቀስቶች፤ አንዱ ጋ በእንግሊዝኛ "በጣም ወፍራም"፣ ሌላው ጋ "ድገመው"፣ ከዚያ "ጋሼን ጠይቅ"። ኮፍያ ያደረገ፣ አፍንጫው የረዘመ ሽማግሌም ተስሏል። መጨረሻው ሳንቃ ላይ ደግሞ ወንድሜ የሚያውቃትን ያችን ጥቂት ፊደል ተጠቅሞ ስሙን ጽፏል። የ"ና"ን እግር ማጠፍ ረስቶ "ነቲ" ሆናለች።

አባቴ በደረቱ ተስቦ ገባ። ከወገቡ በላይ ከኔ ጋር፣ እግሩ ውጭ። ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰም። መብራቱን የያዝኩበት ክንዴ ዛለ፤ አውርጂው አላለኝም።

ስንወጣ ጋሽ እድሪስ የቀለም ባልዲ ላይ ተቀምጠዋል። "አላየሁትም ነበር" አሉ። "ወገቤ አይታጠፍም፤ እዚያ የሚገባው እሱ ነበር።"

"ይሄን እንዴት አድርጌ ነው የምቀባው?" አለ አባቴ።

"ተወው። ያችን ቦታ እንለፋት።"

"ካልተቀባስ?"

ጋሽ እድሪስ የብሩሹን ፀጉር በአውራ ጣታቸው ፈተጉ።

"ይበሰብሳል?"

"ቀስ ብሎ" አሉ። "እኔ ከሞትኩ በኋላ።"

የዚያን ቀን በጊዜ ተመለስን። አባቴ ለእናቴ ሲነግራት መኝታ ቤታቸው በር ጀርባ ሆኜ ሰማሁ።

"የእጅ ጽሑፉን አገኘን።"

"የማንን?"

"የናቲን። እንጨቱ ላይ። ማየት አለብሽ፣ ወይኒ።"

"እዚያ ቦታ እግሬ አይረግጥም።"

"ልንቀባው ነው። ከተቀባ በኋላ አይታይም።"

"ቀቡት፣ አትቀቡት! ለኔ ለምን ትነግረኛለህ?" አለች። ሳምንቱን ሙሉ አባቴና እሷ ጨው አቀብለኝ፣ በሩን ዝጋው ከመባባል አላለፉም። እኔም ያጣላቸው ጽሑፉን ያገኘሁት እኔ በመሆኔ ነው ብዬ አምን ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ሥራ ቦታ ደውላ፣ ታምሜያለሁ ብላ ሲክ ኮል አደረገች። ጥቁር ቀሚሷን እንደለበሰች መጥታ መኪናው ውስጥ ከኋላ አጠገቤ ተቀመጠች። አባቴ በመስተዋቱ አያት። "ንዳ" አለችው።

ጋሽ እድሪስ ሲያይዋት ከተቀመጡበት ተነሱ። "እንዴት አደሩ" አለቻቸው ፊታቸውን ሳታይ። መሰላሉን ቀሚሷን ሰብስባ ወጣች፤ እኔ መብራት ይዤ ቀደምኳት። ያ ጠባብ ቦታ ውስጥ በጎኗ ተኛችና ከመጀመሪያው ሳንቃ ጀምራ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ቁጥሮቹን ሳይቀር። ሥዕሉ ጋ ስትደርስ "ይሄ ማነው?" አለችኝ።

"ጋሼ።"

በአፍንጫዋ ትንፋሽ ወጣ፤ ሳቅ ይሁን አይሁን አላወቅሁም። ከዚያ ስሙ ጋ ደረሰች።

"ይሄ ልጅ! ስንት ጊዜ አስተማርኩት" አለች። "እርሳስ አምጪልኝ።"

ጋሽ እድሪስ ከጆሯቸው ላይ አውርደው ሰጡኝ። እናቴ የ"ነ"ን እግር አጠፈችና "ና" አደረገቻት። "ናቲ" ሆነ። ግንባሯን ሳንቃው ላይ አስደገፈች። እኔ መብራቱን ከፊቷ ላይ ዞር አደረግሁት፤ ማን እንዳስተማረኝ አላውቅም።

ከውስጥ ስትወጣ ከጀልባዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ጋሽ እድሪስ ከታች ቆመዋል።

"ያን ቀን ምን በላ?" አለቻቸው።

"ሳምቡሳ። ገዝቼ መጥቼ፣ የኔንም ጨምሮ በላ።"

"በርዶት ነበር?"

"አልበረደውም።"

"ታዲያ ለምን አመሸ?"

ጋሽ እድሪስ ኮፍያቸውን አወለቁ። "ሂድ፣ ሊመሽ ነው ብዬው ነበር። 'ይቺን ሳንቃ ብቻ' አለኝ። እንደገና ሂድ አልኩት። ከዚያ በኋላ ግን ዝም አልኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ልጄ፤ ሰው አጠገቤ ስላለ ደስ ብሎኝ ነበር። ብቻዬን ነኝ። ደስ ብሎኝ ነበር።"

እናቴ ይቅር አልኩዎት አላለችም፤ ከዚያም በኋላ ስትል ሰምቼ አላውቅም።

"ይዘፍን ነበር?" አለች።

"ይዘፍን ነበር። ድምፁ ግን..."

"አያምርም።"

"ወላሂ አያምርም" አሉ ጋሽ እድሪስ።

እናቴ ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረና ለቅሶ ሆነ፤ አባቴ ወደ መሰላሉ ሲሮጥ በእጇ መለሰችው። ስትጨርስ ፊቷን በክንዷ ጠረገች።

"ልጄ የለፋበት እንጨት አይበሰብስም" አለች። "ቀለሙን አቀብሉኝ።"

ራሷ ቀባችው። ቁጥሮቹ ሄዱ፣ ቀስቶቹ ሄዱ፣ ሽማግሌው ከነኮፍያው ሄደ። ስሙ ላይ ስትደርስ ብሩሹን ብዙ ቀለም አጠጣችና አንዴ ብቻ፣ ሳታቆም፣ ከግራ ወደ ቀኝ አሳለፈችው። "ከሥር አለ አይደል?" አልኳት። "አለ" አለችኝ፤ ሌላው ሳንቃ ላይ ቀጠለች።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ሲልቪያ ወደ ውሃ ወረደች። በሰፋፊ ቀበቶዎች አንጠልጥሎ ክሬን ሲያወርዳት እኔ ከዳር ሆኜ አየሁ፤ ውሃውን እንደነካች ግን ጀልባዋ ላይ ወዳለው አባቴ ዘልዬ ገባሁ። ከውስጥ ስናይ ውሃው በየሳንቃው መሃል ይገባል፤ ቀጭን፣ ብዙ፣ ድምፅ የሌለው።

"እየሰመጠች ነው!" ብዬ ጮህኩ። "ዳዲ፣ አውጧት!" ያ ሁሉ ወራት፣ ያ ሁሉ ጥጥ። አባቴም ደንግጦ ጋሽ እድሪስን አየ።

"ጠምቷት ነው" አሉ ጋሽ እድሪስ ሳይቸኩሉ፣ ፓምፑን እያስነሱ። "እንጨት እኮ ነው። ስንት ዘመን በደረቅ ቆማለች። ትጠጣለች፣ ታብጣለች፣ ከዚያ ስንጥቁን ራሷ ትዘጋዋለች። ተዋት።"

ከቀበቶዎቹ ሳትፈታ አደረች። በማግስቱ ፓምፑ የሚያወጣው ጥቂት ነበር። እናቴ ከሥራ በብሬክ ሰዓቷ ደወለች።

"እንዴት ሆነች?"

"ቀንሶላታል" አላት አባቴ።

"ጠገበች?" አለች እናቴ፤ ከኋላዋ የሆነ በሽተኛ ሲጠራት ይሰማ ነበር።

ምሰሶዋ እነዚያን ወራት ሁሉ ድጋፍ ላይ ተጋድሞ ስንቀባው የከረምነው ነው። ቫርኒሽ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ እንደገና ቫርኒሽ፤ በመጨረሻ ፊቴ ይታየኝ ነበር። ክሬኑ ቀጥ አድርጎ አነሳውና በጣሪያዋ ቀዳዳ አስገባው። ከጫፉ የሚወርዱትን ሽቦዎች አባቴና ጋሽ እድሪስ ግራና ቀኝ ሆነው ተራ በተራ አጠበቋቸው። አንዱ ከበለጠ ምሰሶው ይጎብጣል። ጋሽ እድሪስ ሽቦውን በጣታቸው መታ እያደረጉ ያዳምጣሉ። "ትንሽ ጨምር። ትንሽ። በቃ።" አባቴ እጁን ከብረቱ ላይ ቶሎ አላነሳም።

ሸራ ሰቅለን የወጣን ቀን እናቴ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ መጣች፤ ጥቁሯን አላወለቀችም። ጋሽ እድሪስ እጃቸውን ዘረጉላት። "ነይ ግቢ፣ ልጄ።"

"እኔ ከዚህ ሆኜ አያታለሁ" አለች።

ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ፣ ብርቱካን ቀለም ያለው ላይፍ ቬስት አለበሱኝ። በሞተር ከክሬኖቹ ሥር አልፈን ሰፊው ውሃ ላይ ስንደርስ ጋሽ እድሪስ ሞተሩን አጠፉ። ሸራው አንዴ ተንኮሻኮሸና ሞላ። ሲልቪያ ወደ ጎን ተኛች፤ ልትገለበጥ መስሎኝ የአባቴን ቀበቶ ያዝኩ። አልተገለበጠችም። ዝም ብላ መሮጥ ጀመረች። ያን የሚያህል ፍጥነት ያለ ምንም ድምፅ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ውሃው ብቻ ከጎኗ ይንሾካሾካል። ጋሽ እድሪስ መሪዋን ይዘው በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናገሩ፤ ለማን እንደሆነ አልጠየቅናቸውም።

አባቴ የሸራውን ገመድ በሁለት እጁ እንደያዘ፣ "ይሄን አይቶ ያውቃል?" አለ።

"ማን? ናቲ?"

"እንዲህ ስትሄድ።"

"አላየም" አሉ ጋሽ እድሪስ። "ካመጣኋት ወዲህ ከግቢው ወጥታ አታውቅማ። እሱ የሚያውቃት ቆማ ነው።"

ስንመለስ እናቴ ትተናት በሄድንበት ቦታ ቆማ ነበር። ጋሽ እድሪስ ገመዱን አስረው ለአባቴ፣ "ለሚቀጥለው ቅዳሜም ነፋስ አለ ይላሉ። ትመጣላችሁ አይደል?" አሉት።

አባቴ ትከሻቸውን አቅፎ ሳማቸው። "ሥራው አለቀ እኮ፣ ጋሽ እድሪስ።"

"ሥራውማ አለቀ" አሉ።

እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ነገር ሲያልቅ ያልቃል ብዬ ነበር የማምነው። ጀልባዋ አለቀች፤ ስለዚህ እቤታችን ያለውም ነገር አልቋል፤ ከአሁን በኋላ አባቴ ማታ ማታ ቴሌቪዥኑን ሳይከፍት ፊት ለፊቱ አይቀመጥም፣ እናቴም ቀለም ያለው ልብስ ትለብሳለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ሲሪያሌን በሳህን ይዤ ካርቱን ለማየት ስወጣ አባቴ ሳሎን ነበር። የሥራ ቱታውን ለብሷል፤ ጫማውን አጥብቆ አስሯል፤ የመኪናው ቁልፍ በእጁ ነው። ወንበር ጫፍ ላይ፣ ሊነሳ እንዳለ ሰው ተቀምጧል።

"የት ነው የምንሄደው?" አልኩት።

"የትም" አለ።

ቁልፉን አየው። መዳፉን ገለበጠና ጥፍሩ ውስጥ የቀረውን ቀይ ቀለም አየ። ከዚያ ከደረቱ እንደ ሳል የመሰለ ድምፅ ወጣ፣ ደገመው፣ አላቆም አለ። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ ስለማላውቅ የታነቀ መሰለኝ።

"ማሚ! ማሚ፣ ዳዲ ታነቀ!"

እናቴ ገና ለሥራ ሳትለብስ፣ በሌሊት ልብሷ ሮጣ ወጣች። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ አየችውና እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች።

"አልታነቀም" አለችኝ።

ሄዳ ቁልፉን ከእጁ ወሰደች። ፊት ለፊቱ ወለሉ ላይ ተንበረከከችና የጫማውን ማሰሪያ ፈታችለት፤ አንዱን አወለቀች፣ ሌላውን አወለቀች፣ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። እግሮቹን በሁለት እጇ ያዘች።

"አልቅስ" አለችው። "አሁን አልቅስ፣ ግርሜ።"

አለቀሰ። የሰፈሩ ሰው የሚሰማ ለቅሶ። እኔ ሳህኔን ይዤ፣ ሲሪያሉ ወተቱ ውስጥ እየራሰ፣ በር ላይ ቆምኩ። ማንም ሂጂ አላለኝም፤ ገብቼ አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።